ሦስቴ ቁም፣ ሁለቴ ቀጥል

ወንድሜ ሲዘፍን ጎረቤት የሚሰማው የእሱን ድምፅ ብቻ ነበር። ጊታሩ፣ ድራሙ፣ ማሲንቆው ሁሉ ጆሮው ላይ በደፋው ማዳመጫ ውስጥ ነው። ከውጭ ለሚያልፍ ሰው፣ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ከሰዓት በኋላ ክፍል ዘግቶ ዝም ይላል፣ ከዚያ ድንገት ይጮኻል፣ ደግሞ ዝም ይላል። አንድ ቀን ከጎናችን ያሉት ሴትዮ እናቴን በር ላይ ጠሯት።

«ልጁን ጥርሱን ነው እንዴ የሚያመው?»

«ኧረ እየዘፈነ ነው» አለች እናቴ።

«ምን ዓይነት ዘፈን?»

እናቴ አታውቅም። ወደ ውስጥ ገብታ ጠየቀችውና ተመልሳ፣ «ሜታል ነው አለኝ» አለቻቸው።

«ሜታል? በርና መስኮት?»

ይህን ወንድሜ ለጓደኞቹ ስንት ጊዜ እንደነገረ አላስታውስም። በነገረ ቁጥር የሴትዮዋን ድምፅ ያስመስል ነበር። አሁን ስጽፈው የምሰማው የእሱን ድምፅ ነው፣ የሴትዮዋን አይደለም። ሌላ መጀመሪያ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ቤታችን ከሽሮ ሜዳ ገበያ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። ትልቁ ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሏል። በወዲያ በኩል አባቴ ሸማ ይሠራል። በወዲህ በኩል እኔና ወንድሜ እንተኛ ነበር። አልበሙ የተቀዳው እዚህ፣ በእኛ በኩል ነው። ድምፅ እንዳይመለስ ብለን የአባቴን አሮጌ ጋቢዎች ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ማይኩን ከአልጋው እግር ጋር በገመድ አሰርነው። ላፕቶፑ የወንድሜ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ቶሎ ይሞላል።

ባንዱ አራት ሰው ነው። ወንድሜ ይዘፍናል፣ ማሲንቆም ይመታል። ጊታሩን የምትጫወተው ልጅ ገበያው ውስጥ ነጠላና ጋቢ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ናት፤ ከወንድሜ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምረው አብረው ተምረዋል። ቤዝና ድራም የሚጫወቱት ሁለት የቀጨኔ ወንድማማቾች ናቸው። ድራሙን እዚያው ሰፈራቸው ቀድተው ጨርሰው ነበር። እኛ ቤት የቀረው ማሲንቆና ድምፅ ነው።

የሚጫወቱት ፎክ ሜታልና ፓወር ሜታል የሚባለውን ነው። ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። ጊታሩ ይፈጥናል፣ ከሥሩ ድራሙ ይሮጣል፣ ዘፋኙ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ረጅም ድምፅ ይይዛል፣ በመሃል ደግሞ የአገር ቤት ዜማ ይገባል። የውጭ አገር ባንዶች ስለ ዘንዶና ስለ ሰይፍ ይዘፍናሉ። ወንድሜ፣ «እኛ ምን አለን?» ብሎ ብዙ አሰበ። ከዚያ አንድ ቀን፣ «አባባ አለን» አለ።

አልበሙ ስለ አባቴ ነው። ስምንት ዘፈን ነው። አባቴ በልጅነቱ ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ ሸማ ሊማር አዲስ አበባ እንዴት እንደመጣ ነው የሚናገረው። ስሙ «መወርወሪያ» ነው፤ አባቴ ማጉን በድሩ መሃል የሚያሳልፍባት፣ በእጅ የምትያዝ እንጨት ናት። የአባቴ አገር ሰዎች ሲዘፍኑ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ከላይ ይገባል፣ ሌላው ከታች፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ግን አይጋጩም። ወንድሜ፣ «ፓወር ሜታል ይኸው ነው፣ ጊታር ብቻ ነው የጎደለው» ይል ነበር።

አባቴ ይህን አያውቅም። ስለ እሱ እንደሚዘፈን አልነገርነውም። አልቆ ይስማው ብሎ ነው ወንድሜ።

ችግሩ ሸማው ነው። አባቴ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ነው የሚሠራው። ይረግጣል፣ ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያዋ ታልፋለች፣ ከዚያ ማጉን በእንጨቱ ይመታዋል። ጧ። ደግሞ ይረግጣል። ጧ። ኮምፔርሳቶው ይህን ሁሉ ያሳልፋል። እሑድ ለምን አትቀዱም ሊባል ይችላል። እሑድ አባቴ አይሠራም፣ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ አለ፤ ወንድሜ «ከቄሶቹ ጋር አልወዳደርም» ይል ነበር። ስለዚህ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ካለ እንቀዳለን።

ከአባቴ ጋር ስምምነት ነበረን። ኮምፔርሳቶውን ሦስቴ ካንኳኳሁ፣ ቁም ማለት ነው። ሁለቴ ካንኳኳሁ፣ ቀጥል። የማንኳኳው እኔ ነኝ። ላፕቶፑ ጋ የምቀመጠውም እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩበት ጊዜ ነው። ወንድሜ «ኢንጂነሩ» ይለኝ ነበር። ሲናደድ ደግሞ፣ «ማሙሽ፣ አንተ እኮ ፈተናውንም በሁለት ጣት ነው የሠራኸው» ይለኛል፤ በሁለት ጣት ስለምተይብ።

አንድ ሕግ ነበረን። ሸማ የገባበት ይጠፋል። ላፕቶፑ ቦታ የለውም። ወንድሜ ዘፍኖ ሲጨርስ እኔን ያየኛል፤ ጣቴን ወደ አባቴ ክፍል ካሳየሁት ገብቶታል። አጠፋዋለሁ፣ እንደገና እንጀምራለን። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የሠራነው። አባቴ ሁለት ዓመት ቁም ሲባል ቆመ፣ ቀጥል ሲባል ቀጠለ። አንዴ ብቻ፣ ምሳ ላይ፣ «ይቺ ዘፈናችሁ ሁለት ጋቢ በላችብኝ» አለ። እየሳቀ ነው።

ወንድሜ የልብ በሽታ ነበረበት። በልጅነቱ ጉሮሮውን ደጋግሞ ያመው ነበር፣ ከዚያ የመጣ ነው ተባለ። በየወሩ መርፌ ይወጋል። ጳውሎስ ሆስፒታል ክትትል ነበረው፤ ሐኪሙ እንዳይደክም ነግሮታል። ዘፈን ድካም ነው ወይ ብሎ ጠይቆ እንደሆነ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኩም። ደረጃ ሲወጣ እንደሚቆም አይ ነበር። የዘፈኑ ረጅም ድምፅ ጋ ሲደርስ ግድግዳውን እንደሚይዝም አይ ነበር።

ስምንተኛው ዘፈን ነው ያስቸገረው። አባቴ ሽሮ ሜዳ የደረሰበት ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ድምፅ አለ፣ ከፍ ብሎ ወጥቶ ሳይቆረጥ የሚቆይ። ወንድሜ ለወራት ሞከረው። ግማሹ ጋ ትንፋሹ ያልቃል። ጊታሪስቷ፣ «ቆራርጠን እንቀጥለው፣ ማንም አያውቅም» አለችው። «አባባ ቆራርጦ ቀጥሎ ነው የመጣው?» አላት። እሺ አላለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔና እሱ ብቻ ነን። ሦስቴ አንኳኳሁ። ሸማው ቆመ። ወንድሜ ማዳመጫውን አደረገ። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ነኝ፣ ጎኔን ለኮምፔርሳቶው ሰጥቻለሁ። ጀመረ።

ከመጀመሪያው ጀምሮ የተለየ ነበር። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። መሃሉን አለፈው። መሃሉን ሲያልፍ እኔ... እንዴት ልበል፣ ሰውነቴ ዝም ብሎ መቀመጥ አቃተው። ከዚያ ሸማው ጀመረ። ጧ። ጧ። በማዳመጫዬ ሰማሁት። አባቴ ጨረሱ ብሎ ነው አልኩ በልቤ። ወንድሜ አልሰማም፤ ድራሙ ጆሮው ላይ ነው። ቀጠለ። መጨረሻው ጋ ደረሰ፣ ያንን ድምፅ ያዘው፣ ይዞት ቆየ። ግድግዳውን አልያዘም። ሙሉውን ጨረሰው።

ማዳመጫውን አውልቆ አየር ሊወስድ ግቢ ወጣ።

እኔ አጠፋሁት።

ለምን ብዬ ብዙ ራሴን ጠይቄያለሁ። መልሱ ቀላል ነው። ሸማ የገባበት ይጠፋል። እጄ ለምዷል። አጥፍቼ፣ ለሚቀጥለው አዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ተመልሶ ሲገባ ፊቱ ላይ ላብ ነበር፣ ግን ደስ ብሎታል። ጣቴን ወደ አባቴ ክፍል አሳየሁት።

«አይደረግም» አለ።

«ከመሃሉ ጀምሮ ገብቷል።»

ሳቀ። አልጋው ላይ ተጋደመ። «ነገ» አለ። «አንዴ የወጣ ነገር ነገም ይወጣል።»

በማግስቱ መብራት የለም። ከዚያ በኋላ ሳል ያዘው፣ ድምፁ ተዘጋ። ሳሉ እስኪለቀው ብሎ ማሲንቆውን ቀዳ፤ ብዙ ማሲንቆ ቀዳ። ከዚያ እግሩ አበጠ። ከዚያ ሆስፒታል ገባ።

አሥራ አንድ ቀን ተኛ። እኔ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ፣ እናቴ ጠዋት። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ቀን ላይ፣ ብርቱካን እየላጥኩለት፣ እንዲህ አለኝ፦

«ያቺኛዋ አለች አይደል? ያቺ አባባ የገባባት።»

አላየሁትም። ብርቱካኑን ነው የማየው።

«በሷ ጨርሱት» አለ። «ተኝቼ ሳስበው፣ እንዲያውም እሷ ናት ትክክሏ። አባባ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ምንድነው የሚሰማው? ሸማ ነው የሚሰማው። እኛ ጅሎች ሁለት ዓመት ሙሉ ስናስቆመው...» ትንፋሹ አጠረው። ጠበቅኩት። «ሸማው እንዳለ ይግባ። ለጊታሪስቷ ንገራት።»

«እሺ» አልኩት።

እሺ ብቻ ነው ያልኩት። ብርቱካኑን ሰጠሁት። ግማሹን በላ፣ ግማሹን ለእኔ መለሰው።

ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። ጠዋት ነው፣ እናቴ አጠገቡ ነበረች። እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ።

ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍም። ድንኳን ተተከለ። ዕድርተኛው መጣ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ጥበቡ ወደ አንገቷ ሆኖ። ያ ነጠላ አባቴ የሠራው ነው። የባንዱ ልጆች ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ውኃ ቀዱ፣ ወንበር አነሡ። ጊታሪስቷ ከእናቴ እግር ሥር ተቀምጣ ነበር። ሜታልን በርና መስኮት ያሉት ሴትዮ ከሁሉም በላይ አለቀሱ። «የማን ድምፅ ይቀሰቅሰኝ ይሆን» አሉ። ወንድሜ ቢሰማ ይስቅ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ ቀረ። ልማዱ ነው፤ የሞተበት ቤት ሙዚቃ አይከፍትም። ጎረቤትም ለእኛ ብሎ ሬዲዮውን ቀነሰ። ግን ሸማውም ቀረ። አባቴን ማንም አትሥራ አላለውም። ዘመድ ከተበተነ በኋላ አንድ ቀን ወደ ጉድጓዱ ሄደ፣ ድሩ እንደተወጠረ ነው፣ የተጀመረው ጋቢ እንዳለ ነው። ቆሞ አይቶት ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል። ነጋዴ ሲመጣ «ገና ነው» ይላል። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ያኔ ቢሆን ቀኑን ሙሉ መቅዳት ይቻል ነበር።

ከአርባው ትንሽ ቀደም ብሎ ጊታሪስቷ ደወለችልኝ።

«እኔ የምልህ» አለች፣ «ስምንተኛዋን ሆስፒታል ሆኖ ነግሮኛል። ሙሉውን ወጥቶልኛል፣ ማሙሽ ጋ አለ ብሎኛል። ከአርባው በኋላ ልምጣና ልውሰደው?»

«ነይ» አልኳት።

ለምን ነይ እንዳልኳት አላውቅም። ስልኩን ዘግቼ ላፕቶፑን በጋቢ ጠቅልዬ ጳውሎስ ጋ ወዳለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወረድኩ። የጠፋ ነገር ይመልሳል ብለውኝ ነበር። ሰውዬው ደግ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ታገለበት። መጨረሻ ላይ ወንበር አቀረበልኝ።

«መቼ ነው የጠፋው?»

ነገርኩት።

«ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ቀድታችሁበታል?»

«ማሲንቆ» አልኩት።

«ከላዩ ተጽፎበታል» አለ። «ባይቀዳበት ኖሮ ይገኝ ነበር። ምን ነበር?»

«ዘፈን» አልኩት። ላፕቶፑን ጠቅልዬ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው አጠገብ መቀመጥ አልፈለግኩም። ከላዩ የጻፈበት የራሱ ማሲንቆ ነው። ይህን ደጋግሜ እያሰብኩ ነው የወጣሁት።

አርባው ወጣ። ተዝካሩ ተበላ። ጊታሪስቷ ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገረችኝ። ዓርብ ከሰዓት አባቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጧል፣ ፀሐይ ላይ። እናቴ በሩ ጋ ምስር ትለቅማለች። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ንገረኝ።»

ነገርኩት። ቆራርጬ ነው የነገርኩት። ሙሉውን የወጣለትን ቀን፣ ሸማው እንደገባ፣ እኔ እንዳጠፋሁት፣ ሆስፒታል ሆኖ የጠየቀኝን፣ እሺ ያልኩትን። አለች ብሎ እያመነ እንደሞተ። እናቴ ምስሩን መልቀም አቆመች፣ ግን አልዞረችም።

አባቴ ምስሩን አየ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ያን ቀን አስታውሳለሁ። ሦስቴ አንኳኳህ፣ ቆምኩ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፣ ጀመርኩ።»

«እኔ ሁለቴ አላንኳኳሁም።»

«አውቃለሁ። ልጁ እየዘፈነ እኮ ነው፣ ይሰማኛል። ግን ተንኳኳ። በኋላ ጆሮዬ ነው አልኩ፣ አርጅቷል አልኩ።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሸ። «አንተ ጣትህን ወደ እኔ ስታሳየው በኮምፔርሳቶው ቀዳዳ አየሁ። አበላሸሁበት አልኩ። ከዚያ ታመመ። ሸማው ላይ ልቀመጥ ስል ያ ነው የሚመጣብኝ።»

ወደ ክፍላችን ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም። አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ያን ቀን እንደተቀመጥኩት ተቀመጥኩ፣ ጎኔን ለኮምፔርሳቶው ሰጥቼ። እግሬ ተንጠልጥሏል። ተረከዜ ኮምፔርሳቶውን ይነካል። ወርጄ ተንበርክኬ አየሁት። ተረከዜ በሚያርፍበት ቦታ ላይ የጫማ ጥቁር ምልክት አለ፣ ብዙ፣ አንዱ በሌላው ላይ።

ዘፈኑ ደስ ሲለኝ በተረከዜ እመታለሁ ማለት ነው። አላውቀውም ነበር። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነው ያለው። ያን ቀን ደግሞ ከሁሉም ቀን የበለጠ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወጥቼ ለአባቴ ነገርኩት። ጆሮህ አይደለም፣ እግሬ ነው አልኩት። ያኔ ነው ያለቀስኩት። በድንኳኑ ጊዜ እንዲህ አላለቀስኩም። አባቴ አንገቴን ይዞ ወደ ራሱ ሳበኝ።

«እሱ ሙሉውን አወጣው?» አለኝ።

«ሙሉውን።»

«ሳይቆርጥ?»

«ሳይቆርጥ።»

«አንተ ሰምተኸዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለ።

ከዚያ ቃሉ ምን እንደሚል ጠየቀኝ። በኮምፔርሳቶው ድምፁ እንጂ ቃሉ አይለይም፤ ሁለት ዓመት የሰማው ጩኸቱን ነው። የወንድሜን ደብተር አወጣሁ። ሙዚቃ አይከፈትም፣ ስለዚህ አነበብኩለት። እኔ ጥሩ አንባቢ አይደለሁም። ሰይፍ የለኝም ጋሻ የለኝም፣ በእጄ ያለው መወርወሪያ ነው የሚለውን አነበብኩ። ሰባት ወንዝ በእግሩ ተሻግሮ የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

«ማን ነው?»

«አንተ ነህ፣ አባባ። ስምንቱም ስለ አንተ ነው።»

አየኝ። እናቴ ከበሩ ጋ፣ «ታዲያ ማን መሰለህ?» አለችው። ታውቅ ነበር። ነግሯት ነበር።

አባቴ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። «በእግር አይደለም» አለ። «በጭነት መኪና ነው የመጣሁት። ቆዳ ላይ ተቀምጬ። ወንዙም ድልድይ ነበረው።»

እናቴ ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ በኋላ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ቅዳሜ ጊታሪስቷ መጣች። ሻይዋን ሳትጠጣ ነገርኳት፣ ቶሎ ቶሎ፣ እንዳልመለስ። ሻይ ተሰጥቷት ነበር፤ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስንት ጊዜ እኔ ራሴ አጥፋ ብዬሃለሁ» አለች በመጨረሻ።

ምን እንደሚደረግ አላወቅንም። ከቀድሞዎቹ ሙከራዎች የቀሩ አሉ፣ ሁሉም ግማሽ ላይ የሚቆሙ። በሌላ ሰው እናዘፍነው የሚለውን ማናችንም አላነሣነውም። እሷ፣ «ግማሹ ድረስ እሱ ይዝፈን» አለች። «ትንፋሹ የሚያልቅበት ድረስ። ከዚያ በኋላ...» ከዚያ በኋላ የሚለውን አልጨረሰችውም። ወደ ኮምፔርሳቶው አየች። ወንድሜ ለእሷም ነግሯታል፤ ሸማው እንዳለ ይግባ።

ወጥታ አባቴ ፊት ቆመች። «ጋሼ» አለችው፣ «አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር። ይቆጡ ይሆናል።»

«በይ።»

«ሸማዎትን ልቅዳ።»

አባቴ እናቴን አየ። እሷም አየችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ስትሉኝ ኖራችሁ» አለ፣ ለጊታሪስቷ አይደለም፣ ለማንም አይደለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ «ለዘፈን ነው። ልጁ ዓመቱ አልወጣም። ሰው ምን ይላል?» አለ።

እውነት ነው። ጊታሪስቷ፣ «ይቅርታ፣ ጋሼ» ብላ ወደ ኋላ አለች።

እናቴ ናት የተናገረችው። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አድርጋ፣ «ሸማ ዘፈን አይደለም» አለች። «ሥራ ነው። ሐዘንተኛ ሥራ አይሠራም ያለ የለም። ሂድ ሥራህን ሥራ። እነሱ ቢሰሙህ ምን አገባህ?»

አባቴ ተነሣ። ጫማውን በሩ ጋ አወለቀ። ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ ወንድሜ እንደሚያደርገው። ጊታሪስቷ ድራሙን እንዲሰማ ማዳመጫ ሰጠችው። ጆሮው ላይ አድርጎ ትንሽ ሰማ፣ አወለቀው። «እኔ በዚህ ልክ አልሠራም» አላት። «ይሄ የሚያባርረው ሰው አለ።»

«እሺ፣ በራስዎ ልክ ይሥሩ» አለች። ወንድሜ ቢኖር ይህን ለወር ያወራው ነበር።

ማይኩን ከአልጋው እግር ፈትቼ ወደዚያ ወሰድኩት። እኔና እሷ በእኛ በኩል ተቀመጥን። እግሬን አጥፌ አልጋው ላይ አወጣሁት። ማዳመጫውን አደረግኩ። መጀመሪያ የአባቴ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ለብዙ ጊዜ ትንፋሹ ብቻ። አባቴ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ገባኝ።

በጣቴ ሁለቴ አንኳኳሁ።

ጧ።

ዝም። ከዚያ፣ ጧ። እጁ ልማዱን ረስቶ ነበር፣ ወይም ፈርቶ ነበር። ከዚያ ተያያዘለት። የእግሩ መርገጥ፣ የመወርወሪያዋ ማለፍ፣ ምቱ። ከማይኩ አጠገብ ሲሰማ ከግድግዳ ኋላ እንደሚሰማው አይደለም። ድሩ ሲከፈት እንኳ ይሰማል፣ እንደ ትንሽ ዝናብ። ጊታሪስቷ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ጉልበቷ ላይ ትቆጥር ነበር፤ ቆይታ መቁጠሩን ተወችው።

ዘፈኑ የሚፈልገው ትንሽ ነው። በቂ ሆነ። እጇን አንሥታ ወደ እኔ ሦስት ጣት አሳየችኝ። አስቁመው ማለቷ ነው።

እጄን ወደ ኮምፔርሳቶው ዘረጋሁ። በዚህ እጄ ሁለት ዓመት ስንት ጊዜ እንዳስቆምኩት አሰብኩ። እጄ እዚያው ቀረ። ጊታሪስቷ አየችኝና ሦስት ጣቷን አጠፈች።

ማጉ አለቀበት። ሸማው ቆመ። አሁን ይነሣል ብዬ ጠበቅኩ። በማዳመጫው ውስጥ ሌላ ማግ ሲያነሣ ሰማሁት፣ መወርወሪያዋ ውስጥ ሲከት፣ አፍንጫውን ሲስብ። እንደገና ጀመረ።

አልበሙ በዚህ ነው የሚያልቀው። ወንድሜ ግማሹ ድረስ ይዘፍናል፣ ትንፋሹ ያልቃል፣ ጊታሩ ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ ጊታሩም ይቀራል። የሚቀጥለው አባቴ ነው። ከድራሙ ልክ ጋር አይገጥምም፤ ልናስተካክለው አልሞከርንም። ያቺ የጠፋችው ግን የለችም። ሰው ዘፈኑን ሰምቶ ጥሩ ነው ሲለኝ እሺ እላለሁ፣ ግን እኔ ሌላ ነው የምሰማው። ሙሉውን የሰማነው እኔና አባቴ ብቻ ነን፣ በግድግዳ ወዲያና ወዲህ ሆነን።

ያን ቀን ላፕቶፑን ዘጋሁት። የቀዳነውን ጊታሪስቷ ወሰደች፣ እኔም አንድ አስቀረሁ። ሸኝቻት ስመለስ ሸማው አልቆመም ነበር። እናቴ በሩ ጋ ቆማ ትሰማለች። ጎረቤታችን ሴትዮ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አውጥተው፣ ቀስ ብለው፣ «ጀመረ?» አሏት።

«ጀመረ» አለች እናቴ።